ዕድሜ ልክ በነጻ ይስተካከላል

ሰኔ 3፣ ሰኞ

ሌንስ አቅራቢው በዓመቱ መጀመሪያ የሰጠን አጀንዳ እስከ ዛሬ መሳቢያ ውስጥ ባዶውን ተኝቶ ነበር። ዛሬ አወጣሁት። የሆድን ለሰው ከመናገር ለወረቀት መናገር ይሻላል፤ ወረቀት ቢያንስ «አንቺ ደግሞ ታበዣለሽ» አይልም።

ነገሩ ትንሽ ነው። እንዲያውም ነገር መባሉ ራሱ ያጠራጥረኛል። ባለቡናማ ፍሬሙ ደንበኛ ዛሬም መጣ። መነጽሩ ቀኝ ጆሮው ላይ ይጫነዋል።

እኔ ሰው ሳይ መጀመሪያ የማየው ጆሮውን ነው፤ የሥራ በሽታ ነው። የማንም ሰው ሁለት ጆሮ እኩል አይደለም። የባለሱቃችን የጋሼ ግራ ጆሮ ዝቅ ይላል፣ የእማዬ ቀኙ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ የኔን አልናገርም። መነጽር መግጠም ማለት የጆሮን ጠማማነት ከፍሬም ጠማማነት ጋር ማስማማት ነው። የዚህ ሰውዬ ጆሮዎች ግን በውሃ ልክ የተለኩ ናቸው። አፍንጫውም መሀል ላይ ነው። የሚስተካከል ነገር የለውም።

ያም ሆኖ አሞቅኩለት፣ ትንሽ ከፈት አደረግኩለት፣ ከጆሮው ጀርባ በጣቴ ዳስሼ ገጠምኩለት። «እጅሽ ይሞቃል» አለኝ። ባለፈው «እርስዎ» ነበር የሚለኝ። ማሞቂያው ነው አልኩት።

ከመስታወቱ በላይ ጋሼ ሱቁን የከፈቱ ዕለት ያስጻፉት ሰሌዳ አለ፦ «እዚህ የተገዛ መነጽር ዕድሜ ልክ በነጻ ይስተካከላል።» ጋሼ ከልጆቻቸው ቀጥሎ የሚኮሩት በዚህ ሰሌዳ ነው። ስለዚህ ሰው መጥቶ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ ማስተካከል ነው፤ ሌላ ወሬ የለም።

ሰኔ 6፣ ሐሙስ

መጣ። ዛሬ ግራው ላልቷል። ማሞቂያውን ከፈትኩ፣ ጀርባዬን ሰጥቼው መነጽሩን ምንም ሳላደርገው ትንሽ ቆየሁና መለስኩለት። አድርጎ መስታወት አየ። «አሁን ገና!» አለ።

ወፍጮ ከጓዳ ሲስቅ ሰማሁት። ወፍጮ የምንለው ሌንስ ቆራጫችንን ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከመሞረጃው ማሽን ጋር ሲንጫጫ ስለሚውል ነው። ሰውየው ሲወጣ «ሙሽራው ሄደ እንዴ?» አለኝ።

«ለእህትህ አድርገው» አልኩት።

ሰኔ 12፣ ረቡዕ

ምሳ ሰዓት። ስልኬ ላይ መልእክት፦ «አረንጓዴው ሹራብ ያምርብሻል። ግን ለዚህ ብርድ ስስ ነው።» ስም የለውም። ማን እንደሆነ አውቄዋለሁ።

ማታ። ቁጥሬን ከየት አመጣው ብዬ ስብሰለሰል ዋልኩ። ለካ የሰጠሁት ራሴ ነኝ። መነጽሩ ያለቀ ዕለት የሱቁ ስልክ ተበላሽቶ ስለነበር በራሴ ስልክ ደወልኩለት። «መነጽርዎ ደርሷል፣ ይምጡና ይውሰዱ» ነው ያልኩት። አሁን «ይምጡ» ያልኩበትን ድምፅ ላስታውስ እየሞከርኩ ነው። ሞቅ ያለ ነበር? እኔ ለሁሉም ደንበኛ እንደዚያው ነኝ። የዚያኑ ዕለት አንድ ሽማግሌ «ይምጡ የኔ አባት» ብዬ ጠርቻለሁ። እሳቸው ስለ ሹራቤ ምንም አላሉም።

ሹራቡን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ከታች አስገባሁት። ነገ ግራጫ እለብሳለሁ። ግራጫ ማንንም አያስቸግርም።

ሰኔ 15፣ ቅዳሜ

ቤት ስገባ በሩ ኋላ አዲስ ጃንጥላ ተንጠልጥሏል።

«ሱቅ የረሳሽውን አንድ ደንበኛችሁ አመጣልሽ» አለች እማዬ። «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ መሰለሽ! ግባ ብለው እግሬ ጭቃ ነው ብሎ እንቢ አለ። የዘንድሮ ወጣት እግሩን አይቶ ያውቃል?»

ጃንጥላ ረስቼ አላውቅም። የኔ ጃንጥላ እጄ ላይ ነበር፣ ከነውሃው። እማዬ ሁለቱንም አየች፣ አሰበች። «እንግዲያ ተሳስቶ ነው» አለች። «ግን የሱ ይሻላል።»

«ቤታችንን ማን አሳየው?»

«ጠይቆ ነዋ። የጠየቀ ይደርሳል።»

ሁለተኛ በር እንዳትከፍቺለት አልኳት። ጃንጥላ ላመጣ ሰው እንዲህ ይባላል ወይ ብላ ተቆጣችኝ። ምን ልበላት? ጨዋ ስለሆነ እፈራዋለሁ ይባላል? ራሴም ስሰማው ያስቀኛል። ጃንጥላው ግን እዚያው ይንጠልጠል፤ አልነካውም።

ሰኔ 20፣ ሐሙስ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። የኔ ግን ዛሬ ከባለቤቱ ጋር ታርቆ ዋለ። ጓዳ ውስጥ የወደቀ ብሎን ስፈልግ ጋሼና ወፍጮ ከፊት ሱቁ ውስጥ ቆመው ሲያወሩ ሰማሁ።

«ሥራ ያለው፣ ንጹሕ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ምን ጎደለው?» ይላሉ ጋሼ።

«ኩራት ነው እንጂ» ይላል ወፍጮ። «ዕድሜዋስ ቢሆን ቆሞ ይጠብቃታል? ደሞ ካልፈለገችው ለምን ትስቅለታለች?»

ብሎኑን አገኘሁት፤ ግን እዚያው ተንበርክኬ ቆየሁ። ለምን እስቃለሁ? ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጋሼ ራሳቸው ናቸው «ፊትሽ ካልተፈታ እጅሽ አይሠራም» ያሉኝ። ዓይኑ ሥር ብረት ይዘሽበት ስትመጪ ካልሳቅሽለት ደንበኛው ይበረግጋል። ፈገግታዬ የሥራ ዕቃ ነው፤ ማታ ከካቻቪቴው ጋር መሳቢያ ውስጥ ትቼው ነው የምሄደው። ይህን ያስተማሩኝ ሰውዬ ዛሬ «ሳቂ ያልኳት እኔ ነኝ» አላሉም።

ከነገ ጀምሮ አልስቅም።

ሰኔ 21፣ ዓርብ

አልሳቅኩም። «ምነው ዛሬ ከፋሽ? ምን አድርጌሽ ነው?» ብሎ ከወትሮው ረዘም አድርጎ ተቀመጠ። ከሱ ኋላ የመጡት እናት ደግሞ «ሠራተኛህ ፊቷ አይፈታም» ብለው ለጋሼ ተናገሩ።

ሰኔ 26፣ ረቡዕ

ፌርማታ። እሱ። ሰፈሩ በዚህ በኩል አይደለም። ሰላም አለኝ፣ ሰላም አልኩት፤ ምን ልበል? አብሮኝ አልተሳፈረም። አውቶቡሱ ሲነሳ እጁን አውለበለበልኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «ታድለሽ» አሉኝ። ቀድሜ ወረድኩ። ዞሬ በእግሬ ገባሁ። ረጠብኩ።

ሐምሌ 2፣ ማክሰኞ

ለጋሼ ነገርኳቸው። ጠዋት፣ ወፍጮ ሳይመጣ።

«ጋሼ፣ ያ ሰውዬ እየተከታተለኝ ነው።»

«ምን አደረገሽ?»

«ምንም።»

«ሰደበሽ?»

አልሰደበኝም።

«ነካሽ?»

«የምነካው እኔ ነኝ ጋሼ። ሥራዬ ነው።»

«እንግዲያ?» አሉ።

ይመጣል፣ ይጽፋል፣ ፌርማታ ላይ ይቆማል፣ ጃንጥላ ያመጣል። አንድ በአንድ ሲነገር የደግ ሰው ታሪክ ነው። እየተናገርኩ እኔው ራሴ ጥፋተኛ እየመሰልኩ ሄድኩ።

ግን ጋሼ ክፉ ሰው አይደሉም። የዓይኔን መቅላት አዩት መሰለኝ፤ ዓይን ማየት የሳቸውም ሥራ ነው። «ሁለተኛው ሱቅ ሰው ይጎድለዋል፤ ለጊዜው እዚያ ሁኚ» አሉኝ። ከተማው ማዶ ነው። ሁለት አውቶቡስ ያስይዛል። ደስ አለኝ፤ ከዚያ ደስ ማለቱ ራሱ አናደደኝ። የምሸሸው እኔ፣ በዝናብ የምንከራተተው እኔ፣ የማመሰግነውም እኔ።

ሐምሌ 8፣ ሰኞ

አዲሱ ሱቅ። ወንበሩ ያቃስታል፣ ማሞቂያው ዘገምተኛ ነው፣ መሳቢያው ሁሉ በተቃራኒው ነው። ምሳዬን ቁጭ ብዬ በላሁ። ከሰዓት አንዲት ሕፃን የመጀመሪያ መነጽሯን አድርጋ በሩ ላይ ቆመችና «እማ፣ ዛፉ እኮ ቅጠል አለው!» አለች። እናትየው አለቀሱ፣ እኔም ወደ ጓዳ ገባሁ። ሥራዬን እንደምወደው ረስቼው ነበር።

ሐምሌ 10፣ ረቡዕ

አረንጓዴውን ሹራብ ለበስኩ። ረፋዱ ላይ በሩ ተከፈተ። «ቀኙ ይጫነኛል» አለ።

ሐምሌ 11፣ ሐሙስ

ከሥራ በፊት በድሮው ሱቅ በኩል አለፍኩ። መስታወቱ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ዝናብ እንዳያበላሸው በላስቲክ ተሸፍኗል።

«ውድ ደንበኞቻችን፤ በእጇ የምታውቋት ባለሙያችን ወደ ሁለተኛው ሱቃችን ተዛውራለች። እዚያ ያገኟታል።» ከሥሩ አድራሻው። ከአድራሻው ሥር የአውቶቡሱ ቁጥር። ከሁሉም በላይ ፎቶዬ፣ ስስቅ።

የቤቱ ወግ ነው። ጋሼ ደንበኛ የሚከተለው መነጽሩን ሳይሆን የገጠመለትን እጅ ነው ይላሉ፤ ሰው በተዛወረ ቁጥር ማስታወቂያ ይለጠፋል። ከኔ በፊት ለተዛወረውም ተለጥፎለታል። የሱ ፎቶ ያንሳል።

«ጋሼ፣ የሄድኩት እኮ ከሱ ለመራቅ ነው።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ግን ሌሎቹ ደንበኞችሽስ? ማክበሬ እኮ ነው ልጄ።» ይህን እያሉ ወረቀቱን አዩት። እኔን አዩኝ። እንደገና ወረቀቱን አዩት። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ።

በጥፍራቸው ሊልጡት ሲታገሉ ማጣበቂያው አልለቅ አላቸው። አገጬና አንገቴ መስታወቱ ላይ ቀሩ። ወደ ድሮው ሱቅ ተመለስኩ፤ የትም ብሆን ከመጣ፣ ቢያንስ እዚህ የትኛው መሳቢያ የት እንደሆነ አውቃለሁ።

ሐምሌ 16፣ ማክሰኞ

ፖሊስ ጣቢያ። መርማሪው ልጅ እግር ነው፣ ትሑት ነው፣ ወንበር ሳበልኝ።

«ወዳጅሽ ነበር?»

«ደንበኛዬ ነው።»

«ተጣልታችሁ ነው?»

«መነጽር ነው የሸጥኩለት።»

መልእክቶቹን አነበበ። «ስድብ የለበትም» አለ። ማስፈራራትም የለበትም። አንደኛው መልእክት እንዲያውም ጉንፋን እንዳይዘኝ ይመክራል። «አንድ ነገር ሲያደርግ ወዲያው ነይ» አለኝ።

«ምን ሲያደርግ?»

«እንግዲህ… አንድ ነገር።»

«የሚያደርገው እኔን ከሆነ በምን እግሬ እመጣለሁ?» አልኩት። ብዕሩን አየ።

ልወጣ ስል «መነጽር ቤት ነሽ አይደል? የኔ ይንሸራተታል» አለ። ቦርሳዬ ውስጥ ካቻቪቴ አለ። ብሎኑን አጠበቅኩለት፣ ከጆሮው ጀርባ አስተካክዬ ገጠምኩለት። ከልቡ አመሰገነኝ። ዛሬ እልባት ያገኘው ጉዳይ እሱ ብቻ ነው።

ሐምሌ 20፣ ቅዳሜ

እማዬ ደወለች። «ቶሎ ነይ» ብቻ። ጋሼ በመኪናቸው ሊያደርሱኝ ነው። በኋላ እጽፋለሁ።

ማታ። እማዬ አጠገቤ ተኝታለች። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ከቤታችን ማዶ ዝናብ ሲመታው አየችው። ጃንጥላውን ለኔ ሰጥቶ እሱ ሲበሰብስ አንጀቷ አልችል አለ። ውሻም ቢሆን አስገባለሁ አለችኝ። አስገባችው፣ ፎጣ ሰጠችው፣ ሻይ አቀረበችለት። «እማዬ» እያለ ያወራታል። መጀመሪያ ደስ አላት። ስለ ጉልበቷ ጠየቃት፤ ጉልበቷን እንደሚያማት እኔ እንኳ ካልጠየቅኳት አትነግረኝም። ሻይውን እየጠጣ «ትናንት መብራቷን በጊዜ አጠፋች፤ አሟት ነው?» አላት።

የመኝታ ቤቴ መስኮት በጓሮ በኩል ነው። በዚያ በኩል መንገድ የለም። አጥርና የጎረቤት ግድግዳ ነው ያለው። ተሳስቶ የሚያልፍ ሰው እንኳ የለም።

እማዬ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ሻይህን ጠጣ ልጄ» አለችው። ወጥ ቤት ገባች፣ ዕቃ ማጠቢያውን ይዛ ቆመች። ከዚያ በጓሮ በር በነጠላ ጫማዋ ወጥታ ጎረቤት ገባች። እሱን እቤት ውስጥ ብቻውን ትታው።

ሰው ይዛ ስትመለስ የለም። ምንም አልተወሰደም። የጠጣበትን ብርጭቆ አጥቦ፣ ፎጣው ላይ ደፍቶታል። የእማዬንም አጥቦታል።

«ጨዋ ነው ስልሽ ለምን አልጮህሽብኝም?» ትለኛለች። ደጋግማ። በር እንዳትከፍቺለት ብዬሽ ነበር አልልም፤ ብላትም ምን ይጠቅማታል። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደናል። ጃንጥላውን ከግቢ ውጭ ጣለችው። እግሮቿ በረዶ ናቸው።

እፈራለሁ። እስከ ዛሬ ይከብደኛል፣ ይደብረኛል፣ ያናድደኛል እያልኩ ነው የጻፍኩት። እፈራለሁ ነው።

ሐምሌ 23፣ ማክሰኞ

ከጎናችን ያለው መድኃኒት ቤት ፋርማሲስት ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች መጣች። መነጽር አታደርግም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«እኔ ጋ ሳል ነበረው» አለችኝ።

አልገባኝም።

«ባለቡናማው። አምና። በየሁለት ቀኑ ሳል። ሽሮፕ እሰጠዋለሁ፣ ‹ከእጅሽ ስወስደው ይሻለኛል› ይለኛል። ደረቱ ላይ ምንም የለም። ከዚያ ቤቴ በር ላይ ሳል። አክስቴ ቤት በር ላይ ሳል። ሰው ሁሉ ‹አግቢውና ይዳን› ይለኝ ነበር።» የግራ እጇን አሳየችኝ። «ይህን ቀለበት ማን ያሰረልኝ ይመስልሻል? ራሴ ነኝ የገዛሁት። ቀለበቱን ያየ ዕለት ሳሉ ለቀቀው።»

ቀለበቱን በጣቷ አዞረችው።

«እናንተ ጋ መግባት ሲጀምር በመስታወት አየሁት። ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? ተመስገን አልኩ።»

አለቀሰች። በጣም ተናደድኩባት። እዚያው ግድግዳ ማዶ ሆና ስታየኝ ነው የከረመችው! ከዚያ እሷ ቦታ ብሆን ምን እል እንደነበር አሰብኩ። ያው ተመስገን ነበር የምለው። መሀረብ ሰጠኋት፤ የሌንስ መጥረጊያ ነው፣ ዓይን አይጎዳም። ዓርብ የማታውቂያት ሴት ጋ እወስድሻለሁ አለችኝ።

ሐምሌ 26፣ ዓርብ

የሴቶች ምክር አገልግሎት። ደረጃው ጠባብ፣ ክፍሉ ሁለት ወንበር፣ አንድ የታመመ አበባ። ጠበቃዋ ጠና ያሉ ሴት ናቸው።

«ምን አደረገሽ?» አላሉኝም። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ነው ያሉኝ። ነገርኳቸው።

«ይኼ ነገር ስም አለው። ማሳደድ ይባላል።»

«ሮጦ እኮ አያውቅም» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «የሚሮጠው ማን ነው?»

ጭቃ የለበሰ ጫማዬን አየሁት።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሰው ባለበት፣ በግልጽ አትምጣብኝ በዪው አሉኝ። ከዚያ በኋላ መልስ የለም፤ በክፉም በደግም የለም። ንዴትሽም ለሱ መልስ ነው አሉ። መልእክት አታጥፊ፣ ብቻሽን አትሂጂ፣ የሚያውቅሽ ሰው ሁሉ ይወቅ፤ ምስጢሩ የሚጠቅመው እሱን ነው። ከዚያ ብዕራቸውን አስቀመጡና «በሱ ምክንያት ምን ምን ተውሽ?» ብለው ጠየቁኝ።

ሹራቡን አልኩ። ፈገግታውን። የምወደውን አውቶቡስ። መስኮት መክፈት። ሥራ ላይ ማንጎራጎር፤ ወፍጮ ድምፅሽ ከማሽኔ ይብሳል የሚለኝ ነበር። ስልክ ሲጠራ አለመደንገጥ። እየቆጠርኩ ሳለ የአንድ እጄ ጣቶች አለቁ። እንዲህ ብዙ መሆኑን አላወቅኩም ነበር።

ነሐሴ 1፣ ረቡዕ

ጋሼና ፋርማሲስቷ ባሉበት ነገርኩት። አዳሩን ስለማመደው ነበር፤ ሲወጣ ግን አጭር ነው። «ከእንግዲህ አትምጣብኝ። አትጻፍልኝ። ቤቴ አትድረስ።»

ደንገጥ እንኳ አላለም። «መነጽሬስ?» አለ። ሰሌዳውን በጣቱ አሳየ። «ዕድሜ ልክ ይላል።»

ወፍጮ ማሽኑን አጠፋ። እኔ እዚህ ሱቅ ስሠራ ማሽኑ በሥራ ሰዓት ሲጠፋ ሰምቼ አላውቅም። የጓዳው በር ላይ መጥቶ ቆመ።

ጋሼ ወንበሩን አመለከቱት። «ተቀመጥ። የማስተካክልልህ እኔ ነኝ።»

ጋሼ ፍሬም ከነኩ ዘመን የለውም። መነጽሩን ወሰዱ፣ ሳያሞቁ ያዙት፣ ዓይን ዓይኑን እያዩ አጠፉት። ቀጭ አለ። ግራው እጀታ መሬት ወደቀ። «ውይ» አሉ። ከዚያ ካዝናውን ከፍተው ዋጋውን መለሱለት። «ሰሌዳው የሚለው እዚህ የተገዛ መነጽር ላለው ሰው ነው። አንተ ደግሞ የለህም። በል ደህና ዋል።»

ብዙ ቆሞ አየኝ። ወጣ።

ማታ ለጠበቃዋ ደውዬ ስነግራቸው «ማነው ስበሩ ያላችሁ!» ብለው ተቆጡ። እንዲህ ያለ ሰው ሲዋረድ የሚያስከፍለው አንቺን ነው አሉ። ለጋሼ ስነግራቸው «እጄ ከብዶኝ ነው» ይላሉ። ስልኬ ሳያቋርጥ ይጮኻል። «ዓይኔን ነሳሽኝ» ይላል አንዱ። «እኔም የምነሳሽ አላጣም» ይላል የቀጠለው። አላጠፋሁም፣ አልመለስኩለትም።

ነሐሴ 7፣ ማክሰኞ

ጣቢያ፤ አሁን ግን በሰልፍ። ጠበቃዋ፣ ፋርማሲስቷ፣ እማዬ በሚያማት ጉልበቷ። ያው ትሑቱ መርማሪ። ጠበቃዋ ቀድመው አመልክተው ስለነበር፣ ከኛ በፊት ሰውየውን ጠርቶ አነጋግሮታል። ወረቀቱ ላይ አቀርቅሮ፣ «ተጠርጣሪው ፊቴን በፍቅር ትዳስሰኝ ነበር ይላል» አለ። «እውነት ነው? ነክተሽዋል?»

እማዬ ልትነሳ አለች። እጇን ያዝኩት።

«የአንተንም ነክቻለሁ» አልኩት። «ባለፈው፣ እዚሁ ወንበር ላይ። አንተ ከዚያ ወዲህ ቤቴ ጓሮ ቆመሃል?»

ጆሮዎቹ ቀሉ። ከዚያ በኋላ ሳያቋርጥ ጻፈ። ስለ መብራቱ፣ ስለ ሳሉ፣ ስለ መጨረሻው መልእክት። እማዬ ስለ ታጠበው ብርጭቆ ስትናገር ቀና ብሎ አያት፤ እሱም እናት አለው መሰለኝ።

ነሐሴ 15፣ ረቡዕ

ፍርድ ቤቱ አዘዘ፤ ቤቴም ሱቁም አይደርስም፣ አይደውልም፣ አይጽፍም። ከተላለፈ ይታሰራል። የትእዛዙ ቅጂ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ስልኬ ጸጥ ብሏል። ጸጥታው ራሱ ያስደነግጠኛል።

«አበቃ ማለት ነው?» ትላለች እማዬ። እንጃ እላታለሁ። ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ አላወረድነውም።

ወፍጮ ዛሬ ማሽኑን እያጸዳ፣ ሳያየኝ፣ «ያኔ ሙሽራ ምናምን ስል… አፌ ነው» አለ። ይቅርታው ያ ነው። ተቀበልኩት፤ ግን አልረሳሁትም።

«የኔ አባት» የምላቸው ሽማግሌ መጡ። መነጽራቸውን አሙቄ ልገጥምላቸው እጄን ስዘረጋ ጆሯቸው ጋ ሳይደርስ አየር ላይ ቆመ። እንቢ አለኝ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠብቃሉ። «ምነው ልጄ?» አሉ። አንድ ጊዜ ልተንፍስ አልኳቸው። «ተንፍሺ፣ ምን ያስቸኩለናል» አሉኝ። ጠበቁኝ። ገጠምኩላቸው።

ነሐሴ 23፣ ሐሙስ

ለጋሼ ጉዳይ ሌንስ አቅራቢው ጋ ስሄድ አውቶቡሱ መብራት ያዘው። በመስኮት ፎቶ ቤት ይታያል። ሰውየው ጠርዝ አልባ አዲስ መነጽር አድርጎ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። አንዲት ልጅ አገጩን በሁለት ጣቶቿ ቀና ታደርግለታለች። እየሳቀችለት።

አውቶቡሱ ሄደ። ቀጥዬ ያሰብኩትን ልጻፍ፤ ተመስገን አልኩ። ወዲያው ራሴን ጠላሁት።

ነሐሴ 24፣ ዓርብ

እሱ አለመኖሩን ከማዶ አይቼ ገባሁ። በሩ ላይ «ዓይን ከተጨፈነ በነጻ እንደግማለን» ይላል።

«የጉርድ ፎቶ ነው?» አለችኝ። ከኔ ታንሳለች።

«አይደለም። ዓይኔ ተጨፍኗል እያለ የሚመላለስ ደንበኛ አለሽ? ባለመነጽር?»

ሳቀች። «አዎ! ዓይን ከተጨፈነ በነጻ ነው የምንደግመው። የሱ ግን ተጨፍኖ አያውቅም። ምን ላድርገው፣ አነሳዋለሁ።» ሳቋ ቀስ እያለ ቆመ። «ሚስቱ ነሽ?»

መነጽር ገጣሚ ነኝ አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሳሉን፣ ጃንጥላውን፣ ብርጭቆውን፣ ፍርድ ቤቱን። ትእዛዙን አውጥቼ አሳየኋት። የሚጠብቀው እኔን ብቻ እንደሆነም ነገርኳት። የጠበቃዋን ስልክ ጻፍኩላት። ስነግራት እንደ ቅናተኛ ነው ያየችኝ። አልፈርድባትም፤ በሰኔ መጥታ እንዲህ ብትነግረኝ እኔም እንደዚያ ነበር የማያት።

«ጨዋ ሰው ነው» አለች።

«ነው» አልኳት።

ደንበኛ መጣ። ፎቶውን እስክታነሳ ጥግ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ደንበኛው ሲወጣ ወደ ወንበሯ አልተመለሰችም። በመስታወቱ አሻግራ ፌርማታውን ስታይ ቆየች።

«እናንተ ስንት ሰዓት ነው የምትዘጉት?» አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«አንድ ሰዓት።»

«በዚህ በኩል ነው የምታልፊው?»

በዚህ በኩል አላልፍም። ቤቴ በሌላ አቅጣጫ ነው።

«አዎ» አልኳት።